የአባባ ድምፅና የእኛ ፊርማ



ውድ እህትና ወንድሞች፣ በውስጥ መስመር ከሚደርሱን ጥያቄዎች ግማሹ ስለ ዕቃ ነው። «ቤቴ ውስጥ ስቱዲዮ ልከፍት ነው፣ የትኛውን ማይክ ልግዛ?» «ጊታር እጫወታለሁ፣ በዚህ ሥራ መኖር ይቻላል ወይ?» «ነሺዳ ቀርጫለሁ፣ ለማን ልስጠው?» ዛሬ ነገ ስንል ቆይተን አንድ ላይ ልንመልስ ተቀመጥን። የማይክ ስም ጽፎ መላክ ቀላል ነበር። ነገር ግን በዚህ ሥራ ባሳለፍናቸው ዓመታት እኛን የጎዳን ርካሽ ማይክ አይደለም። አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። ነገሩ ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

የደሴ ልጆች ነን፣ ሦስት ጓደኛሞች። አንዱ ጊታር ይጫወታል፣ አንዱ ድቤ ይመታል ድምፅም አለው፣ አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። በ2009 ሥራ ስንጀምር የነበረን አንድ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ያገለገለ ጊታር እና አንዲት ክፍል ነበር። ክፍሏ ከአክስታችን ሱቅ ጓሮ ያለች፣ ድሮ እህል ይቀመጥባት የነበረች፣ ሦስት ሜትር በአራት የሆነች ናት። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍን። ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል ተብለን ከመቶ በላይ ሰበሰብን፤ የሰፈሩ ኪዮስክ ሁሉ አወቀን። ጥቅሙን እንንገራችሁ፦ ቀጭኑን ድምፅ ትንሽ ያለዝባል፣ ወፍራሙን አይነካውም፣ ከውጭ የሚገባውን ደግሞ ጭራሽ አያቆምም። አይጥ መደበቂያ አገኘች፣ ያ ነው የተረፈን። በኋላ ካርቶኑን ነቅለን የአክስታችንን አሮጌ የጥጥ ፍራሾች ማዕዘኖቹ ላይ አቆምን፣ በሩ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፤ ያን ቀን ክፍሏ ዝም አለች። ስለ ዕቃ ለምትጠይቁን የመጀመሪያው መልሳችን ይኸው ነው፤ ፍራሽ።

ማይኩን የገዛችልን ጅዳ ያለችው እህታችን ናት። ሰው ቤት እየሠራች ከምትልከው ላይ ቀንሳ ኮንደንሰር ማይክና ሳውንድ ካርድ የሚገዛ ብር ላከች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። «አባባን ቅረጹልኝ» አለች።

አባባ የእርሷና የአንዳችን አያት ናቸው፣ ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። በወሎ የመውሊድ ሌሊት ከሚያዜሙት የድሮ ሰዎች አንዱ ነበሩ። ወሎ ውስጥ መንዙማ ማለት ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የዳናና የጀማ ንጉሥ ሸይኾች ፊደል ያልቆጠረውን ሕዝብ ዲን ያስተማሩበት፣ በዐጀም ጽፈው ለደረሳ ያስያዙት ነው። አባባም ያሏቸውን ከሸይኻቸው አፍ ነው የያዙት። ከመጽሐፍ ያነበቡት አልነበረም። እህታችን የፈራችው እርሳቸው ሲሄዱ አብሮ እንዳይሄድ ነበር።

በ2010 ከመውሊድ በኋላ በተከታታይ ሦስት ጁሙዓ ከሰዓት ቀረጽናቸው። ዘጠኝ መንዙማ። ማይኩ አርባ ስምንት ቮልት ከሳውንድ ካርዱ ስለሚስብ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይጠፋል፣ እንደገና ይጀመራል፣ አባባ «አላህ ያለው ይሆናል» ብለው ጫታቸውን ይቀጥላሉ። (ይህን በመጻፋችን እንዳትቆጡን፤ የሆነውን ነው የምንጽፈው።) ድቤው ደግሞ ፈተና ነው። ማይክ ካስጠጋችሁት ክፍሉን ሙሉ ያጉረመርማል፣ ካራቃችሁት ግድግዳውን ትቀርጻላችሁ። አንድ ክንድ ተኩል ላይ፣ ከቆዳው መሀል ወደ ጠርዝ አዙረን ስናስቀምጠው ተስማማን። ድምፁ ከፍ ሲል እንዳይሰነጠቅ መግቢያውን ዝቅ አድርገን ያዝን። በ24 ቢት ለሚቀርጽ ሰው ዝቅ ብሎ መቅረጽ ጉዳት የለውም፣ የተሰነጠቀ ድምፅ ግን ማንም አይመልሰውም። ይቺን በራሳችን ስህተት ነው የተማርናት፤ የመጀመሪያው ጁሙዓ ቀረጻ ግማሹ ተሰንጥቆ ተጣለ።

አንዱን መንዙማ እያዜሙ አራተኛው ደቂቃ ላይ የዐስር አዛን ወጣ። መስጂዱ ከእኛ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። አባባ ወዲያው ዝም አሉ፣ ድቤ መቺያችንም እጁን አነሳ፤ አዛኑ እስኪያልቅ በለሆሳስ እየመለሱ ቆዩ፣ ዱዓቸውን አደረጉ፣ ከዚያ ልክ ካቆሙባት ቃል ቀጠሉ። ቀረጻውን አላቆምነውም ነበር። በኋላ ስናስተካክል አዛኑን ቆርጠን ሁለቱን ጫፍ አጋጠምን፤ ስፌቱ አይታወቅም። በሙያችን ኮራን።

ከዚያ ወረቀቷ መጣች።

የሲዲ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ ሥራውን ሰማና ወደደው። 12,000 ብር አቀረበልን። ለእኛ ያን ጊዜ ብዙ ብር ነው። አንድ ገጽ ወረቀት አቀረበ፣ ሦስታችንም ፈረምን። ማንበቡንስ አንብበነዋል፣ ግን ዓይናችን ብሩ ላይ ነበር። «ሥራውን በማንኛውም መንገድ የማባዛትና የማሠራጨት» የምትል ሐረግ ነበረችበት። ማንኛውም መንገድ ማለት ሲዲና ፍላሽ መሰለን። 9,000ውን ሀርድ ዲስክና የማዳመጫ ስፒከር ገዛንበት፣ 3,000 ለአባባ ወሰድን። አልጠየቁንም። «ጀዛኩሙላሁ ኸይር» ብለው ሳይቆጥሩት ከትራሳቸው ሥር አደረጉት።

እስካሁን ያልጻፍነው አንድ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ የአባባ ፊርማ የለም። ማንም አልጠየቃቸውም። እኛም አልጠየቅናቸውም።

የሁለቱን ዓመት ታሪክ ቶሎ እንለፈው። አባባ በ2012 ወደ አኼራ ሄዱ፣ አላህ ይዘንላቸው። እኛ ሥራችንን ቀጠልን፣ እናም እዚህ ጋ ስለ ሮክ መናገር አለብን፤ ምክንያቱም የጊታሩ ጥያቄ ከእናንተም የሚመጣ ነው።

ሮክ ወደ እኛ የመጣው በፍላሽ ነው። የአንዳችን ታላቅ ወንድም ከዩኒቨርሲቲ ሲመለስ ይዞት የመጣ። እንግሊዝኛውን ሳንሰማ ጊታሩን ሰማን። ከዚያ ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ (እ.ኤ.አ. 2012 ነው፣ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነው አልበሙን ያዘጋጀው) በአማርኛም እንዲህ መጮኽ እንደሚቻል አወቅን። የራሳችንን መሥራት ስንጀምር ግን የከበሮ ስብስቡን መግዣ ብር የለም፣ ቢኖርም ክፍሏ አትችለውም። ስለዚህ በትልቁ ከበሮ ቦታ ድቤውን አስገባነው። የመንዙማው ምት ከሥር፣ የተቆጣ ጊታር ከላይ። ድህነት የወለደው ነገር ነው፤ አሁን ግን ሰዎች እኛን የሚለዩን በዚያ ነው። አራት ዘፈን ጨርሰናል፣ ሦስት ደግሞ ለዓመታት «ሊያልቅ ነው» እያልን አለን። ከአራቱ እስካሁን ያገኘነው ገቢ ድቤውን በአዲስ ቆዳ ለማስለበጥ አልበቃም። ይህን በግልጽ ብንነግራችሁ ይሻላል።

ኑሯችን የሚገፋው በሌላው ነው። የነሺዳ ልጆችን እንቀርጻለን፣ የሰርግ መንዙማ እናስተካክላለን፣ የቁርኣን ቂራኣት እንቀርጻለን፣ የትምህርት ቤት ማስታወቂያ እንሠራለን፣ የሰው ሥራ ተቀብለን ሚክስ እናደርጋለን። እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር፦ በእኛ አገር «ፕሮዲውሰር» ሲባል ገንዘብ የሚያወጣው ሰው ነው፣ ውጭ አገር ፕሮዲውሰር የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ እኛ አቀናባሪ የምንለው ነው። ከውጭ ሰው ጋር ስትሠሩ ይቺን ልዩነት ካላወቃችሁ አንዱ ከሌላው ብር ሲጠብቅ ይውላል። በእኛ ላይ ደርሷል።

የጊታሩ ሑክም ላይ ፈትዋ ልንሰጥ አልተቀመጥንም። ዑለሞች በመሣሪያ ጉዳይ ያላቸው አቋም የታወቀ ነው፤ ብዙኃኑ ይከለክላሉ፣ በሁኔታ የሚፈቅዱም አሉ። ከሦስታችን አንዱ ከአንድ ኡስታዝ ጋር ብዙ ከተነጋገረ በኋላ ጊታር ያለበትን ሥራ ተወ። ድቤና ድምፅ ብቻ ያለበትን ይሠራል፣ የቀረው ሲሠራ ውጭ ይወጣል። አልተጣላንም። አንድ ሳምንት ግን ሳንነጋገር ቆይተናል፣ ያንንም አንደብቅም። እኛን ያስታረቀን የዩሱፍ ኢስላም ታሪክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ካት ስቲቨንስ ተብሎ በዓለም ሲታወቅ እ.ኤ.አ. በ1977 ሰለመ፣ ከዚያ ጊታሮቹን ለበጎ አድራጎት አሳልፎ ሰጠ፣ ለንደን ላይ የሙስሊም ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ለብዙ ዓመት ድምፅና ከበሮ ያለበትን ብቻ ቀዳ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ልጁ ጊታር ቤት ይዞ መጣ፣ አባትየውም አነሳው፣ በ2006 እንደገና አልበም አወጣ። ያ ሰው ሁለቱንም ወገን ኖሯል። መተውንም መመለስንም። እኛ ሦስታችንን በአንድ ክፍል ውስጥ ማኖር ለምን ያቅተናል አልን።

ከሮክ ሰዎች ሁሉ ግን ለሥራችን የጠቀሙን ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980 ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን የሚባሉ ልጆች የባንዳቸውን ሸክላ ራሳቸው አሳተሙት። ዲስኮርድ ሪከርድስ የሚባለው እንዲህ ተጀመረ። ለሸክላው ማቀፊያ መሥሪያ ብር ስለሌላቸው የሌላ ሸክላ ማቀፊያ ፈትተው፣ ቅርጹን ነድፈው፣ አሳትመው፣ በመቀስ ቆርጠው በሙጫ አጣበቁት። በእጅ። እኛ ሲዲ መሸፈኛ ፎቶ ኮፒ ቤት ስናስቆርጥ ይህን አናውቅም ነበር፤ ስናነብ ዘመድ ያገኘን መሰለን።

የበለጠ የገረመን ግን ሌላ ነው። ማካይ አይጠጣም። አያጨስም። «ስትሬት ኤጅ» የሚል አጭር ዘፈን በ1981 አወጣ፤ ከዚያ ዘፈን ስሙን የወሰደ፣ መጠጥና ዕፅ የማይነካ የወጣት እንቅስቃሴ ተፈጠረ። ልጆቹ እጃቸው ላይ የኤክስ ምልክት ይሥሉ ነበር። መነሻው መጠጥ ቤት ውስጥ ለሚደረግ ዝግጅት ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ሲገቡ እንዳይሸጥላቸው በእጃቸው ላይ የሚደረግ ምልክት ነው፤ መከልከያውን ወስደው መታወቂያቸው አደረጉት። በኋላ በመሠረተው ፉጋዚ ባንድ ደግሞ መግቢያውን አምስት ዶላር ገደማ አድርጎ፣ ዕድሜ ሳይለይ ማንም እንዲገባ እያለ ለዓመታት ዞረ። ይህ ሰው ሙስሊም አይደለም። ግን መጠጥ የሌለበት የሮክ ዝግጅት እንደሚቻል ያሳየን እርሱ ነው። እኛ አገር ባንድ ማለት መጠጥ ቤት ማለት ነው፣ ስፖንሰር ማለት ቢራ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ጥሩ ብር ተጠርተን ከመድረኩ ጀርባ የሚሰቀለውን ስናይ ትተን መጥተናል። ፉጋዚን ካነበብን በኋላ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ጠይቀን ከዐስር እስከ መግሪብ የሚያልቅ ዝግጅት አደረግን። መግቢያ 30 ብር። መቶ አስር ሰው መጣ፣ አብዛኛው የሰፈር ልጅ። የአክስታችን ሳምቡሳ ከእኛ በላይ ሸጠ።

ሌላው ስቲቭ አልቢኒ ነው። ቺካጎ ውስጥ ኤሌክትሪካል ኦዲዮ የሚባል ስቱዲዮ የነበረው፣ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. በ61 ዓመቱ የሞተ ሰው። ኒርቫና በ1993 «ኢን ዩቴሮ»ን እንዲቀርጽላቸው ሲጠሩት ክፍያው 100,000 ዶላር ብቻ ይሁን፣ ከሽያጭ ፐርሰንት አልወስድም አለ። ለእርሱ ፐርሰንት መውሰድ ነውር ነው፤ ዘፈኑ የባንዱ ነው፣ እኔ ቧንቧ እንደሚሠራ ሰው የእጄን ዋጋ ልከፈል ነው ሐሳቡ። እርሱ «ፕሮዲውሰር» መባልንም አይወድም ነበር። በብዙ ነገር ከእኛ የራቀ ሰው ነው፣ አፉም ባለጌ ነበር፣ እርሱ ራሱ በኋላ ዘመኑ ያለፈ ንግግሩን ተጸጽቶበታል። ይቺ አቋሙ ግን ለእኛ ቤት መመሪያ ሆነች። አሁን የቀን ዋጋችንን እንናገራለን፣ ሰውየው ይከፍላል፣ ፋይሉን ሙሉውን፣ ያልተቆረጠውን ጭምር ይዞ ይሄዳል። ከሥራው ላይ አንዳች ነገር የእኛ አይደለም። በእኛ ላይ የደረሰውን በማንም ላይ ማድረግ አንፈልግም።

ወደ ወረቀቷ እንመለስ።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሌሊቱን ወጣን። ላፕቶፕና ሀርድ ዲስክ በቦርሳ ይዘን፣ ሌላውን ሁሉ ትተን። ስንመለስ ክፍሏ ባዶ ናት። ማይኩም፣ ስፒከሩም፣ ጊታሩም የሉም። ፍራሾቹ ብቻ ቀርተዋል። በደሴና በኮምቦልቻ ከእኛ የባሰ የደረሰበት ስንት ሰው እያለ ስለ ማይክ ማልቀስ አሳፈረን፣ ስለዚህ አላለቀስንም። እንደገና ከዜሮ።

በ2015 ገቢ እንዲሆነን ብለን ቻናል ከፈትን፤ የመጀመሪያ ሥራችን አባባ እንዲሆኑ ተስማማን። ከዘጠኙ አንዱን፣ የዐስሩን፣ ጫንን። በማግሥቱ መልእክት መጣ። ሥራው የሌላ ሰው ነው፣ ገቢው ወደዚያ ይሄዳል። የራሳችን አያት፣ በራሳችን ማይክ፣ በራሳችን ክፍል።

አሠራሩን ለማታውቁ፦ ዩቲዩብ ኮንተንት አይዲ የሚባል ሥርዓት አለው። አንድ አካል ሥራ ሲያስገባ የድምፁን አሻራ ይይዛል፣ ሌላ ሰው ያንኑ ድምፅ ሲጭን ያመሳስለዋል። ማን ቀረጸው፣ ማን አዜመው ብሎ አይመረምርም፤ ያስገባውን አካል ያምናል። ነጋዴው ዘጠኙንም በአከፋፋይ በኩል አስገብቶ ኖሯል። ወረቀቱ «በማንኛውም መንገድ» ይላል፣ እኛም ፈርመናል።

የከፋው ግን ከጅዳ መጣ። እህታችን ስልኳ ላይ አያቷን ስትፈልግ የነጋዴውን አገኘች። በአባባ ድምፅ መካከል ማስታወቂያ ገባ። የምን ማስታወቂያ እንደሆነ አንጽፍም፣ መንዙማ መካከል መግባት የሌለበት ነው። የላከችው የድምፅ መልእክት አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። «እኔ ማይኩን የገዛሁት ለዚህ ነው?» ሌላ ምንም አላለችም። ለሦስት ሳምንት ስልክ አላነሳችም።

መቃወም ይቻላል። ተቃውሞ ስትጽፉ ያኛው ወገን እንዲመልስ 30 ቀን ይሰጠዋል። እርሱ የእኔ ነው ብሎ ከጸና ወደ ይግባኝ ትሄዳላችሁ፤ እዚያ ከተሸነፋችሁ ደግሞ በቻናሉ ላይ ቅጣት ሊመጣ ይችላል፣ እንዲህ ያለ ቅጣት በ90 ቀን ውስጥ ሦስት ከደረሰ ቻናሉ ይዘጋል። ፈራን። ከዚያ አንድ ሕግ የሚያውቅ ጎረቤት የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጁን፣ ቁጥር 410/1996 የሚባለውን፣ አምጥቶ ከእኛ ጋር አነበበ። ያኔ ነው የገባን። በአንድ ቀረጻ ውስጥ ያለው መብት አንድ አይደለም። ግጥምና ዜማ የደራሲው ነው፤ አባባ የያዙት መንዙማ ደግሞ ባለቤቶቹ ከሞቱ መቶ ዓመት ያለፈ የጋራ ቅርስ ነው። ቀረጻው የቀረጸው ነው። ሦስተኛ ግን አለ፣ ከዋኝ የሚለው፣ ያዜመው ሰው የራሱ መብት። እኛ መሸጥ የምንችለው የእኛን ነው። የአባባን እኛ አንሸጥም። መብት ማስተላለፍ ደግሞ በጽሑፍ መሆን አለበት፣ የአባባ ጽሑፍ የለም።

ደስ አለን? ለአንድ ሰዓት ያህል አዎ። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ነጋዴው የገዛው ያልተሸጠ ነገር ከሆነ፣ የሸጥነው እኛ ነን። በዳዩ ማን ነው? ከቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ፣ አል-በቀራህ 282፣ የምትናገረው ስለ ሰላት ወይም ስለ ጾም አይደለም፤ ዕዳና ውል እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም ነው። ከልጅነታችን ጀምሮ ስንቀራት ኖረናል። ዲስኮርዶች ለባንዶቻቸው የጽሑፍ ውል አይፈርሙም፣ በቃል ነው የሚሠሩት፣ ለአርባ ዓመት አስኬዷቸዋል። በጣም የምንወዳቸው ሰዎች ቢሆኑም እዚህ ላይ አንከተላቸውም። እነርሱ እንዳይበድሉ የጠበቃቸው ሰውነታቸው ነው፤ እኛ የራሳችንን ሰውነት በ12,000 ብር አይተነዋል።

ፍርድ ቤት አልሄድንም። ሽማግሌ ላክን። በአንድ ሰው ሳሎን ከመግሪብ በኋላ ተቀመጥን፤ ነጋዴው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ የአባባ ትልቅ ልጅ፣ እኛ። መጀመሪያ እኛ ተናገርን፤ የእኛ ያልሆነውን ሸጠናል፣ አውፍ በሉን አልናቸው፣ ለአባባ ልጅ። ነጋዴው ደግሞ በብሩ ገዝቻለሁ፣ ፋይሉ ከእናንተ ነው የመጣው፣ እውነተኛው ባለቤት እንደሆናችሁ በምን አውቃለሁ አለ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነው፣ እውነቱን ለመናገር።

ሀርድ ዲስኩን ከፈትን። የዐስሩን ቀረጻ፣ ያልተቆረጠውን፣ አጫወትነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ አዛኑ ወጣ፣ አባባ ዝም አሉ። በሳሎኑ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎች ከቀረጻው አዛን ጋር እነርሱም ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ከዚያ የአባባ ዱዓ፤ ቀስ ያለ፣ ማይክ እንዳለ የረሳ ሰው ዱዓ። ለወላጆቻቸው ለመኑ፣ ለሸይኻቸው ለመኑ፣ ከዚያ ጅዳ ያለችውን ልጅ በስሟ ጠሩ። እኛ ስንቆርጠው ይህን ሰምተን ነበር? መስማቱን ሰምተናል። ስፌቱ እንዳይታወቅ ስንጨነቅ ነው ያለፍነው።

ነጋዴው ብዙ አልተናገረም። የዐስሩንና ሌሎች ሁለት መንዙማዎችን እንደሚለቅ፣ በስድስቱ ላይ ያወጣውን ሳይመልስ እንደማይለቅ ተናገረ። 12,000ውን እንመልስ ብንል የዛሬ ዋጋው ያ አይደለም አለ። ሦስቱን በጽሑፍ አደረግነው፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነው ፈረሙ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሦስቱ ላይ ተነሣ። ስድስቱ አሁንም ከእርሱ ጋር ናቸው።

እንግዲህ ለጥያቄያችሁ። ማይክ የቻላችሁትን ግዙ፣ ፍራሽ አትርሱ። ድምፁን ከመጠን በላይ አትጫኑት፤ ዩቲዩብም ስፖቲፋይም ከፍ ያለውን ወደ 14 ዝቅ ያለ መጠን ያወርዱታል፣ የተጨፈለቀው ድምፅ ተጨፍልቆ ይቀራል። ለእያንዳንዱ ቀረጻ አይኤስአርሲ የሚባለውን ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ አሰጡት፣ ከጠፋ መፈለጊያችሁ እርሱ ነው። ያልተቆረጠውን ቀረጻ በፍጹም አታጥፉ፣ በሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ አንዱ ከከተማ ውጭ ይሁን። እና ከመቅረጻችሁ በፊት፣ ገና ማንም ሳይደሰት፣ ማን ምን እንደሆነና ስንት ስንት እንደሚካፈል በወረቀት ጻፉ። በእኛ ቤት አሁን ማይኩ የሚከፈተው ወረቀቱ ከተፈረመ በኋላ ነው። የሰባ ዓመት ሰው ቢሆኑም፣ የገዛ አያታችሁ ቢሆኑም፣ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።

የዐስሩን ከነአዛኑ፣ ከነዱዓው፣ ሳንቆርጥ መልሰን ጫንነው። ማስታወቂያ የለበትም፣ ገቢውን ዘግተነዋል። ሊንኩን ለእህታችን ስንልክ ምንም ሳንጽፍ ነው የላክነው። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መለሰች፤ «አምስተኛው ደቂቃ ላይ ስሜን ሰማሁ» የሚል። ከዚያ ስለ ስድስቱ ጠየቀችን። ነጋዴው የጠራውን ዋጋ ነገርናት፣ እርሷም ከሚመጣው ወር ደመወዟ ጀምራ ልታዋጣ ተነሣች። አይሆንም አልናት፣ ይህ የእኛ ዕዳ ነው። የትምህርት ቤቱን አዳራሽ ለሸዋል የመጀመሪያ ቅዳሜ እንደገና ጠይቀናል፣ መግቢያው 50 ብር ነው፣ ከዐስር በኋላ።